አዲስ ቸርኬ ስትገዙ ትክክለኛውን ኦፍሴት እንዴት ትመርጣላችሁ? ዝርዝር መመሪያ

«ብሎኑ ልክክ ብሎ ገብቷል፤ ግን መሪ ስጠመዝዝ ይነካል።» «ብቻዬን ስነዳ ሰላም ነው፤ ሰው ስጭን ከኋላ ይፋጫል።» «ከቀየርኩ ወዲህ መሪው ከበደኝ።» ቸርኬ ከቀየሩ ሰዎች የሚሰማው ቅሬታ ባብዛኛው ከእነዚህ አያልፍም። የሦስቱም መነሻ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ገዢው 15 ይሁን 16 አይቷል፣ ቀዳዳውን ቆጥሯል፣ መልኩን ወዷል። ኦፍሴቱን ግን አልጠየቀም።

ኦፍሴት ምን እንደሆነ በአጭሩ እንያዝ። ቸርኬውን በስፋቱ ለሁለት እኩል ክፈሉት። ልክ መሃሉ ላይ አንድ መስመር አለ እንበል። ቸርኬው ሞዞው ላይ (ጎማው የሚታሰርበት መሃለኛ ብረት ላይ) የሚቀመጥበት ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል? ኦፍሴት ይህ ርቀት ነው። ፊቱ ወደ መንገድ በኩል ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው። ወደ መኪናው በኩል ከሆነ ኔጋቲቭ። ልክ መሃል ከሆነ ዜሮ።

የኦፍሴት ቁጥር ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ሲበልጥ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይህንን ነውና ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክሪክ፣ መደገፊያ ካቫሌቶ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሜትር፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ወይም ያልተጣመመ ጣውላ፣ ቀጭን ክር፣ አንድ ትርፍ ዳዶ እና ጠመኔ። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ (ቶርክ ሬንች) ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ የማይነሳውን ጎማ በድንጋይ ደግፉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አታስገቡ።

ደረጃ 1፦ አሁን ያለውን ቸርኬ አንብቡ

1. አንድ ጎማ ፍቱና ጀርባውን ወደ ላይ አድርጉ። ጭቃውን በብሩሽ አጽዱ። ቁጥሩ በቆሻሻ ሥር ይደበቃል።

2. አራት ነገር ጻፉ፦ ቁመትና ስፋት በኢንች (ለምሳሌ 15×6)፣ የብሎን ቀዳዳ ልክ (4×100፤ 4 ቀዳዳ፣ ማዕከላቸው 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ማለት ነው)፣ የመሃል ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር (54.1) እና ኦፍሴት። ኦፍሴቱ «ኢ» እና «ቲ» በሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምርና ቁጥር ይከተለዋል። አንዳንዱ ላይ «ኦፍሴት» ተብሎ ሙሉ ቃሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አንዳንድ ቸርኬ ላይ ቁጥሩ ብቻውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በክንዶቹ ጀርባ ወይም በብሎን ቀዳዳዎቹ አካባቢ ይገኛል።

3. መኪናው ላይ ያለው ቸርኬ የፋብሪካው መሆኑን አረጋግጡ። ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ ቸርኬው ተቀይሮ ይመጣል። የመኪናው ሰነድ ወይም የሾፌር በር ላይ ያለው ወረቀት የሚለው የጎማ ልክ ከተገጠመው ጋር ካልገጠመ ጠርጥሩ። የስኮርታ ጎማውንም አውጥታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ያልተነካው ኦሪጅናል ቸርኬ እሱ ነው።

እዚህ አገር በብዛት የሚታዩ ጥቂት መኪኖችን ልጥቀስ። የቶዮታ ኮሮላ ኢ120 ባለ 15 ቸርኬ 6 ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴቱ 45፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ከአሜሪካ የመጣው ባለ 5 ቀዳዳ 5×100 ነው፣ ከአውሮፓና ከጃፓን የመጣው አብዛኛው 4×100። ቪትዝ 4×100 እና 54.1 ነው። ሂሉክስ ቪጎ 6×139.7፣ መሃሉ 106.1፣ ኦፍሴቱ 30። ላንድክሩዘር 200 ደግሞ 5×150፣ መሃሉ 110.1፣ ኦፍሴቱ 60። ለሂሉክስ ልክ የሆነ ኦፍሴት ላንድክሩዘር 200 ላይ ጎማውን 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያስወጣዋል ማለት ነው። «ለትልቅ መኪና ይሆናል» የሚባለውን አትመኑ።

ቁጥሩ ከጠፋስ?

ያገለገለ ቸርኬ ቀለም ሲቀባ ቁጥሩ አብሮ ይዋጣል። ያኔ ለኩት። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነም ማስመሪያና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

1. ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ካርቶን ላይ አስተኙ።

2. ማስመሪያውን ጀርባው ላይ ከከንፈር እስከ ከንፈር አጋድሙ። ጎማ ካለበት ማስመሪያው ጎማው ላይ ሳይሆን የብረቱ ከንፈር ላይ ማረፍ አለበት። የጎማው ሆድ ስለሚያብጥ ልኬቱን ያበላሻል።

3. ከማስመሪያው የታችኛው ጠርዝ እስከ ሞዞው መቀመጫ ያለውን ጥልቀት ለኩ። 140 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል።

4. የቸርኬውን ጠቅላላ ስፋት ከውጭ ከንፈር እስከ ውጭ ከንፈር ለኩ። 203 ሆነ። ለሁለት ሲካፈል 101.5 ነው።

5. ቀንሱ፦ 140 − 101.5 = 38.5። ስለዚህ ኦፍሴቱ 38 ገደማ ነው።

203 ሚሊ ሜትር 8 ኢንች ስለሆነ ቸርኬው 8 ነው እንዳትሉ። የቸርኬ ስፋት የሚባለው ጎማው በሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ነው። ከንፈሮቹ ሲጨመሩ 1 ኢንች ገደማ ይበልጣል። ይህ 7 ኢንች ቸርኬ ነው።

ደረጃ 2፦ መኪናው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ለኩ

ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። ሁሉንም የሚወስነው ግን እሱ ነው። ጎማው ተገጥሞ፣ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ለኩ።

ከውስጥ። ከፊት ጎማው ጀርባ ግቡና በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ ፈልጉ። ሜትር አይገባም። ካርቶን እየደራረባችሁ አስገቡ፤ ጥብቅ ሲል አውጡና የካርቶኑን ውፍረት ለኩ። ከኋላም እንዲሁ አድርጉ።

ከውጭ። ክሩ ላይ ዳዶውን እሰሩ። ክሩን ከፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ልክ ከጎማው አናት በላይ አንጠልጥሉት። ዳዶው መወዛወዙን ሲያቆም ከክሩ እስከ ጎማው ሆድ ያለውን ርቀት ለኩ። ጎማው ገና ወደ ውጭ መውጣት የሚችለው በዚያ ልክ ነው።

አራቱንም ጎማ ለኩ። ተጋጭቶ የተስተካከለ መኪና ላይ ግራና ቀኙ እኩል የማይሆንበት ጊዜ አለ። የምትይዙት ትንሹን ቁጥር ነው።

ከዚያ መጠባበቂያ ቀንሱ። እኔ ከውስጥ 8፣ ከውጭ 10 ሚሊ ሜትር እቀንሳለሁ። የውስጡ ያነሰበት ምክንያት አለው። እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች የፊት ሾክ አብዞርበር ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚነሳና ስለሚወርድ ክፍተቱ ብዙ አይለዋወጥም። ፓራፋንጎው ግን በኮረኮንችና በፍጥነት መገደቢያ ላይ ወደ ጎማው ይወርዳል፣ በተለይ ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ። አስፋልት ብቻ ላይ በሚነዳ ሰው ልክ አትለኩ።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን ሥሩ

አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬውን ስፋት ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩና ለሁለት አካፍሉ። ከዚያ፦

ወደ ውስጥ = ግማሽ ስፋት + ኦፍሴት
ወደ ውጭ = ግማሽ ስፋት − ኦፍሴት

ለአሮጌውም ለአዲሱም ሠርታችሁ ልዩነቱን እዩ። የኮሮላውን 6 ኢንች ኦፍሴት 45 እንውሰድ። ግማሽ ስፋቱ 76.2 ነው። ወደ ውስጥ 121.2፣ ወደ ውጭ 31.2።

ባለቤቱ 16×7 ወደደ፤ ኦፍሴቱ 35። ግማሽ ስፋቱ 88.9። ወደ ውስጥ 123.9፣ ወደ ውጭ 53.9። ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ወደ ውስጥ 2.7 ብቻ ገባ፤ ወደ ውጭ ግን 22.7 ወጣ።

አሁን ደረጃ 2 ላይ የለካነው ባዶ ቦታ ከውስጥ 15፣ ከውጭ 18 ነበር እንበል። መጠባበቂያው ሲቀነስ ከውስጥ 7፣ ከውጭ 8 ይቀራል። 22.7 እዚያ አይገባም። ሻጩ «እንግዲያው 45 ውሰድ» ቢል? 12.7 ወደ ውስጥ፣ 12.7 ወደ ውጭ። ይሄም አይገባም። 40 ቢሆንስ? 7.7 ወደ ውስጥ፣ 17.7 ወደ ውጭ። አሁንም አይሆንም።

የሆነው ይህ ነው፦ 7 ኢንቹ ከ6 ኢንቹ በጠቅላላ 25.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ያለን ቦታ በጠቅላላ 15 ነው። ኦፍሴት ቦታን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዘዋውራል እንጂ አዲስ ቦታ አይፈጥርም። ድምሩ ካልበቃ ስፋቱን ቀንሱ። 16×6.5 ኦፍሴት 45 ብንወስድ በሁለቱም በኩል 6.35 ይጨምራል። 7ም 8ም ውስጥ ይገባል። ለዚህ መኪና የሚገዛው እሱ ነው።

ስሌቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ለጎማው ሥሩት፤ የሚፋጨው ብዙ ጊዜ ጎማው ነውና። በቸርኬው ስፋት ፋንታ የጎማውን የመጀመሪያ ቁጥር (195/60/15 ከሆነ 195ን) አስገቡ። 195 ጎማ በኦፍሴት 45፦ ወደ ውስጥ 142.5፣ ወደ ውጭ 52.5። 205 ጎማ በኦፍሴት 35፦ ወደ ውስጥ 137.5፣ ወደ ውጭ 67.5። ወደ ውጭ በ15 ሰፋ። ከቸርኬውና ከጎማው ስሌት የባሰውን ያዙ።

የጎማው ቁመትም ይቆጠራል። 195/60/15 የሆነ ጎማ 615 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ወደ 16 ስትሄዱ 195/55 621፣ 205/50 ደግሞ 611 ይሆናል። ሁለቱም ቅርብ ናቸው። ከዚህ ብዙ ከራቀ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ ጎማውም አናቱ ላይ ይነካል።

ደረጃ 4፦ ኦፍሴቱ ልክ ቢሆንም የሚያስጥሉ ነገሮች

የቀዳዳ ልክ «ሊገባ ነው» አይባልም። 5×112 የሆነ የቮልስዋገን ቸርኬ 5×114.3 በሆነ ቶዮታ ላይ ዳዶው ሊይዝ ይችላል። ግን ዳዶው በጎን ይጎትተዋል፣ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። መንገድ ላይ ይላላል። ተዉት።

የመሃል ቀዳዳው ከሞዞው ከጠበበ አይገባም። ከሰፋ ልኩ የሆነ ማጥበቂያ ቀለበት ይገዛለታል፦ ከውጭ የቸርኬው፣ ከውስጥ የሞዞው ልክ። ለኮሮላ ኢ120 የውስጡ 54.1 ነው።

የዳዶውን ቅርጽ ሳታዩ አትግጠሙ። የቶዮታ ኦሪጅናል አልሙኒየም ቸርኬ ዳዶ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ደግሞ አብዛኛው ሾጣጣ መቀመጫ አለው። ጠፍጣፋውን ዳዶ ሾጣጣ መቀመጫ ላይ ካሰራችሁ የሚይዘው ጠርዙን ብቻ ነው። ሾጣጣ ዳዶ ግዙ። ጥርሱንም (የብሎኑን ውፍረትና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር) አረጋግጡ፦ ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ 12×1.5፣ ሱዙኪ 12×1.25 ነው። በኃይል ሊገባ ይችላል፤ ብሎኑን ግን ይበላዋል።

ጀርባው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክም እዩ። ለሁለት ስታባዙት ከአንዱ አክስል ጭነት ማነስ የለበትም። ለሂሉክስና ለሚኒባስ ይህ ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጎማ ሳይገባበት ሞክሩት

ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ባዶውን ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ። ጎማ ከገባበትና ከተጫረ የሚመልስላችሁ የለም።

1. ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገት ካለ ቸርኬው ተንጋዶ ይቀመጣል።

2. ባዶውን ቸርኬ ከፊት ግጠሙና ዳዶውን በእጅ ብቻ አዙሩ። 12×1.5 ከሆነ ቢያንስ 8 ዙር ይግባ። ካልገባ ብሎኑ አጥሯል፤ አትንዱበት።

3. ቸርኬውን በእጅ አዙሩት። በፍሬን ካሊፐሩ (የፍሬን ዲስኩን ቆንጥጦ በሚይዘው ክፍል) እና በክንዶቹ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይኑር። ባላንስ ሲደረግ ከውስጥ የሚለጠፈውን እርሳስም አስቡት። እሱ ውፍረት አለው። ካሊፐሩን እየገጨ «ጭክ ጭክ» የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

4. መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ፣ እስከ መጨረሻ ቀኝ አዙሩና ዙሪያውን በባትሪ መብራት እዩ።

ደረጃ 6፦ ጎማ አስገብታችሁ ፈትኑ

ጎሚስታው ሲጨርስ በእጅ አስጀምሩ። ከዚያ በማቋረጥ ቅደም ተከተል አጥብቁ፤ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ነው። ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በአየር መፍቻ «ድርርር» አድርጎ መጨረስ ብሎን ይስባል፣ የፍሬን ዲስክ ያጣምማል።

ቀጥሎ የጎማውን ጠርዝና የውስጥ ጎን በጠመኔ አጥብቃችሁ ቀቡ። አራት ሰው ጫኑ። በዝግታ ሁለት ሦስት የፍጥነት መገደቢያ ተሻገሩ፤ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ እያዞራችሁ ወደፊትም ወደኋላም ንዱ። ወርዳችሁ ጠመኔውን እዩ። የተጠረገ ቦታ ካለ እዚያ ይነካል፤ ተቃራኒው አካል ላይ ነጭ ምልክቱን ታገኙታላችሁ። ጆሮ ከሬዲዮና ከወሬ ጋር ያመልጠዋል። ጠመኔ አያመልጠውም።

ችግር ሲፈጠር

*ሰው ሲጫን የኋላው ፓራፋንጎ ይነካል።* ኦፍሴቱ አንሷል ወይም ጎማው ሰፍቷል። ቀላሉ መፍትሔ በአንድ ደረጃ የጠበበ ጎማ ነው። የፓራፋንጎውን ጠርዝ ማጠፍ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ዝገት ይገባል።

*ከውስጥ ሾክ አብዞርበሩን ወይም ካሊፐሩን ይነካል።* ኦፍሴቱ በዝቷል። ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ብረት) የሚጠቅመው እዚህ ጋ ብቻ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር 45ን 40 ያደርገዋል። ወደ ውጭ ያስወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ወደ ውጭ ለወጣ ጎማ ስፔሰር መግዛት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ካስገባችሁ በኋላ የዳዶውን ዙር እንደገና ቁጠሩ። ከ8 ካነሰ ረጅም ብሎን ይቀየርለት። እያንዳንዱ ጎማ አንድ ስፔሰር ብቻ፤ ሁለት አትደራርቡ።

*ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ቶርኖ ቤት መቀመጫውን ላስላጭ?* አይሆንም። የሚላጨው ብረት ብሎኑ የሚይዘው ውፍረት ነው። ቀዳዳ እንደ አዲስ መብሳትና ካሊፐር መሞረድም እንዲሁ። ቸርኬውን ሽጡትና ልኩን ግዙ።

*ከ80 እስከ 100 ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል።* መጀመሪያ የመሃል ቀለበቱ መኖሩን እዩ። ከዚያ ባላንስ ይደገም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቸርኬው ራሱ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ባላንስ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ከንፈሩን ተመልከቱ።

*መሪው ከበደ፣ መንገዱ ላይ ያለውን ቦይ እየተከተለ ይጎትታል።* ይህ ኦፍሴቱ ከፋብሪካው በጣም ያነሰ ቸርኬ ምልክት ነው። አላይመንት አሠሩ፤ ግን ተአምር አትጠብቁ። ጎማው በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ሂሉክስ ላይ ከ30 ወደ ዜሮ ወርዶ ሰፊ ጎማ መግጠም መልኩ ያምራል፤ ጭቃው በሩንና መስታወቱን ሲያለብሰው፣ ኩሽኔታው ሲጮህ ግን ወጪው የባለቤቱ ነው። ለትንሽ መኪና ከፋብሪካው ቁጥር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በላይ ባትርቁ እመክራለሁ።

*ዳዶው ይላላል።* ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ መልሶ ማጥበቅ የተለመደ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከላላ ግን አጥብቃችሁ አትለፉት። ፍቱትና የዳዶውን ቅርጽ፣ የቀዳዳውን ልክ፣ የሞዞውን ዝገት መርምሩ።

የስኮርታውን ነገር አትርሱ

ስኮርታው የድሮው ቸርኬ ነው። አዲሶቹ ዳዶዎች እሱን በደንብ መያዛቸውን ቤት እያላችሁ ሞክሩ። ካልያዙ የድሮዎቹን ዳዶዎች በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ። ልዩ መክፈቻ ያለው ቀጭን ዳዶ ከገዛችሁም መክፈቻው እዚያው ይቀመጥ። ስፔሰር አስገብታችሁ ከሆነ ስኮርታው ሲገጠም ስፔሰሩ ይውጣ፤ ረጅሙ ብሎን ከቸርኬው ጋር መግጠሙን ግን አስቀድማችሁ እዩ።